በትዳርና በፍቅር ግንኙነት ውስጥ የሚደርስ ወሲባዊ ጥቃት፦ አጋላጭ ሁኔታዎች በጅማ

በባል፣ በእጮኛ ወይም በፍቅረኛ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት በጉልበት ከሚደረግ ግንኙነት ይሰፋል። ዱላን ወይም ፍቺን በመፍራት «እሺ» ማሰኘትም ጥቃት ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 10 ከመቶው በትዳር አጋራቸው ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። አካላዊና ስሜታዊ ጥቃት ሲጨመር ቁጥሩ 34 ከመቶ ይሆናል፤ በኦሮሚያ 38።

ጅማ ላይ ነገሩ ሲነሳ ጣት ቀድሞ የሚቀሰረው ወደ ጫት ነው። ከበርጫ በኋላ ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣው ጨብሲ፣ በተለይ አምሽቶ ሰክሮ መግባት፣ አደጋውን ያከብዳል፤ የአስቤዛው ብርም አብሮ ያልቃል። ሆኖም ከቃሚውና ከጠጪው ብዙው ሚስቱን አያስገድድም፣ ሳይቅም ሳይጠጣ የሚያስገድድም አለ። ጥፋቱን ለመጠጡ ብቻ መስጠት አድራጊውን ከተጠያቂነት ያወጣዋል።

ይበልጥ ሊያስጠነቅቅ የሚገባው ቁጥጥር ነው። ስልኳን የሚፈትሽ፣ ወላጆቿን እንዳትጠይቅ የሚከለክል፣ የወሊድ መከላከያዋን የሚጥል፣ ከዚህ በፊትም እጁን ያነሳ ሰው አልጋ ላይም እምቢታን አይቀበልም። እናቱ ስትደበደብ እያየ ያደገ ወንድ ዘንድ ይህ ባሕርይ በብዛት ይታያል። ጥሎሹ ወይም ገበራው (በኦሮሞ ባህል ለሙሽራዋ ቤተሰብ የሚሰጠው) «ከፍዬባታለሁ» የሚል መብት መስሎ ሲታይም እንዲሁ ነው።

ቡናው ተለቅሞ ሲሸጥ፣ ለቀማው የእሷም ድካም ሆኖ ሳለ፣ ብሩ በአብዛኛው ባል እጅ ይገባል። የራሷ ገቢ የሌላት ሴት ልጆቿን ይዛ መውጫ ታጣለች። በሌላ በኩል ሚስት ማግኘት ስትጀምር የበላይነቱ የተነካበት ባል ጥቃቱን ሊያባብስ ይችላል፤ ስለዚህ ሴቶችን የሚያስቆጥብ ፕሮግራም ባሎችንም ማነጋገር አለበት። በጉራጌ ዞን በቡና ማፍላት ሥነ ሥርዓት ላይ በተሰጠ ትምህርት፣ ወንዶች በተሳተፉበት ቡድን የወንዶቹ ወሲባዊ ጥቃት ፈጻሚነት ቀንሷል። ቡና ባለበት ጅማም ሊሞከር የሚገባው ነው።

የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ቢያደርግም፣ ያለዕድሜዋ የተዳረች ልጅ ለመደራደር አቅም የላትም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 ደግሞ አስገድዶ መድፈርን «ከጋብቻ ውጭ» ብሎ ስለወሰነ የትዳሩን መድፈር አይነካም፤ ከባድ ክፍተት ነው። ድብደባና ጉዳት ግን በትዳር ውስጥም በአንቀጽ 564 መሠረት ያስጠይቃል። ጉዳዩ በሽምግልና ብቻ ታርቆ ሲያልቅ ሴቲቱ ወደዚያው ቤት ትመለሳለች፣ ጥቃቱም ይደገማል።

ከጥቃት በኋላ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ክስ መመሥረትን አይጠይቅም። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቢቻል ወዲያውኑ ተጀምሮ ለ28 ቀናት ይወሰዳል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 120 ሰዓት ይሠራል፤ ሲዘገይ ግን ኃይሉ ይቀንሳል። ባለሙያው ሴቲቱን ባልም አማትም በሌሉበት ለብቻዋ ሊጠይቃት ይገባል፤ አብረዋት ከገቡ ጉዳቱን «ወድቄ ነው» ብላ ታልፈዋለች።