ኖካን፦ ሟችን መገነዝ በጃፓን

ኖካን በጃፓን አስከሬንን አጽድቶና አልብሶ በሬሳ ሣጥን የማኖር ሥርዓት ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጸመው ዘመድ ወዳጅ ከሟቹ ጋር ከሚያመሽበት ምሽት አስቀድሞ ነው። ቀድሞ ሥራው የቤተሰብና የጎረቤት ነበር፤ ዛሬ በሙያ የያዘው ሰው ኖካንሺ ይባላል። ከጃፓን ውጭ ሥርዓቱ በሰፊው የታወቀው ዮጂሮ ታኪታ ባዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ2009 በውጭ አገር ቋንቋ ፊልም ዘርፍ ኦስካር ባገኘው «ኦኩሪቢቶ» ማለትም «ሸኚው» በተሰኘው ፊልም ነው።

የኖካን ትልቁ ጥበብ ገላን ሳይገልጡ ማጠብ ነው። ቤተሰቡ ዙሪያውን ተቀምጦ እየተመለከተ፣ ባለሙያው የሟቹን ልብስ ከላይ ከተጣለው ጨርቅ ሥር አውልቆ ሰውነቱን በእርጥብ ፎጣ ያብሳል፤ ጨርቁንም ሳይገልጥ ነጩን ልብስ ያለብሰዋል፣ ፂሙን ይላጫል፣ ፀጉሩን ያበጥራል፣ ፊቱን ያስውባል። እጆቹ አይቸኩሉም፤ ለቅሶተኛውም የሚወደውን ሰው ክብሩ ሳይነካ እስከ መጨረሻው ያየዋል።

ብዙው ነገር ከሕያዋን ልማድ ተገልብጦ ይደረጋል። በሕይወት ያለ ሰው ኪሞኖ ሲለብስ የግራው ጠርዝ ከላይ ይውላል፤ በሟች ላይ ግን የቀኙ። የማጠቢያው ውኃ ሲዘጋጅ ቀዝቃዛው ይቀድምና ፍሉ ይጨመርበታል። ራስጌው ወደ ሰሜን የሚሆነው ቡድሃ ሲያርፍ እንዲያ ተጋድሞ ነበር ተብሎ ስለሚታመን ነው። ነጩ ልብስ የመንገደኛ ልብስ ነው፤ ሙታን ወደ ወዲያኛው ዓለም ሲሄዱ ይሻገሩታል ለሚባለው ለሳንዙ ወንዝ መሻገሪያም ስድስት ሳንቲም ይያዝለታል፣ ዛሬ አስከሬን ስለሚቃጠል ሳንቲሙ በወረቀት የታተመ ምስል ነው። ጆዶ ሺንሹ የተባለው የቡድሃ እምነት ክፍል ተከታዮች ግን ሟች ወዲያውኑ የቡድሃ ገነት በሆነው በንጹሑ ምድር እንደሚወለድ ስለሚያምኑ የመንገድ ልብስ አያለብሱም።

ይህን ያህል ርኅራኄ የሚጠይቅ ሥራ ለዘመናት ሲያስንቅ መኖሩ ያሳዝናል። ሞት «ኬጋሬ» የሚሉትን ርኩሰት ያመጣል ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ከቀብር ሥነ ሥርዓት የተመለሰ ሰው ወደ ቤቱ ከመግባቱ በፊት በላዩ ጨው ይነሰንሳል። በፊልሙም ኦርኬስትራው የተበተነበት ቼሎ ተጫዋች ዳይጎ ወደ ትውልድ ቦታው ያማጋታ ተመልሶ፣ የጉዞ ወኪል መስሎት የገባበት ቤት የገናዦች ሆኖ ሲያገኘው፣ ሥራውን የደረሰችበት ሚስቱ እንዳይነካት ትከለክለዋለች።

ለፊልሙ መነሻ የሆነው ቶያማ በተባለው የጃፓን ግዛት ገናዥ የነበረው የሺንሞን አዎኪ ማስታወሻ ቢሆንም፣ ጸሐፊው ቦታው በመለወጡና የመጽሐፉ ሃይማኖታዊ ፍጻሜ በመቅረቱ ስሙ እንዲጠቀስ አልፈቀደም። ቅሬታው ተገቢ ነው፤ ፊልሙ በቡድሃ እምነት ፈንታ የሚያርፈው በአባትና በልጅ ላይ ነውና። ዳይጎ ልጅ ሳለ ጥሎት የሄደውን አባቱን ሊወስዱ የመጡት ሰዎች ሬሳውን እንደ ዕቃ ሊያነሡት ሲሉ ያስቆማቸውና ራሱ ይገንዘዋል፤ የተጨበጠውንም እጅ ቀስ አድርጎ ሲፈታው በሕፃንነቱ ለአባቱ የሰጠው ጠጠር ከውስጡ ይወድቃል።