በፍላይት ሲሙሌተር «ማነቆ» ምንድን ነው?

ልደታ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ጓደኛዬ ዕቁብ ደረሰውና ግራፊክስ ካርድ ገዛበት። ባለ ሦስት ፋን፣ የሚያስፈራ ነገር። ዓላማው በማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር (በኮምፒውተር አውሮፕላን የሚበረርበት ጨዋታ) ቦሌ ላይ ሳይንገጫገጭ ማረፍ ነው። ቅዳሜ ማታ ጠራኝና ከሰመራ ተነሳን። አፋር ላይ ምስሉ እንደ ውሃ ይፈሳል፤ በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ማለትም 60 ነጠላ ምስል። አዲስ አበባ ስንቃረብ 40 ገባ። መንደርደሪያው ፊት ለፊት ሲታየን 22። አውሮፕላኑ መብረር ትቶ ደረጃ የሚወርድ መሰለ።

«ሸውደውኛል፤ ካርዱ ፎርጅድ ነው» አለ።

ካርዱ ምንም አልሆነም። የታነቀው ሌላ ቦታ ነው።

ማነቆ ማለት ሌሎቹን ዕቃዎች ሁሉ ቁጭ አድርጎ የሚያስጠብቅ ዕቃ ነው። ሲሙሌተር እያንዳንዷን ፍሬም ሲሠራ መጀመሪያ ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ አንጎል) ሒሳቡን ያወጣል። አውሮፕላኑ የት ደረሰ? ነፋሱ ክንፉን ምን አደረገው? የትኞቹ ሕንፃዎች ይታያሉ? ሌሎቹ አውሮፕላኖችስ የት ናቸው? ከዚያ ነው ለግራፊክስ ካርዱ «በል ሳል» የሚለው። 60 ፍሬም ለማግኘት ይህ ሁሉ በ16.7 ሚሊሰከንድ ማለቅ አለበት። ፕሮሰሰሩ 45 ሚሊሰከንድ ከፈጀ የሚታየው 22 ፍሬም ነው፤ ካርዱ የፈለገውን ያህል ቢፈጥን። በረሃው ላይ የሚቆጠር ነገር የለም። ከተማው ላይ ግን ሕንፃው፣ መኪናው፣ ኤርፖርቱ አንድ ላይ ይመጣበታል።

ጓደኛዬ አላመነም። የኮምፒውተሩን ሥራ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀር ከፍቶ «ፕሮሰሰሩ እኮ 30 በመቶ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ተኝቷል» አለኝ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ያ ቁጥር የሁሉም ኮሮች (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉት ሠራተኞች በሏቸው) አማካይ ነው። የሲሙሌተሩ ዋና ሥራ ደግሞ ሜይን ትሬድ በሚባል አንድ መስመር ላይ ተራ ይዞ ይሄዳል።

ቡና አስቡ። ሳይቆላ አይወቀጥም፣ ሳይወቀጥ አይፈላም፣ አቦል ሳይወርድ ቶና የለም። ስምንት ሰው ጀበናውን ቢከበው ቡናው ቶሎ አይደርስም። አንዱ ፈንዲሻ ያዘጋጃል፣ አንዱ ሲኒ ያጥባል፣ የተቀሩት ወሬ ላይ ናቸው። ታስክ ማናጀር ወሬኞቹንም ቆጥሮ ነው «30 በመቶ» የሚለው።

ማነቆው የቱ እንደሆነ ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም። ሪዞሉሽኑን (ምስሉ የሚሳልበትን የነጥብ ብዛት) ዝቅ አድርጉት። ፍሬሙ ከጨመረ ጥፋቱ የካርዱ ነው። ንቅንቅ ካላለ የፕሮሰሰሩ ነው። የማይክሮሶፍቱ ሲሙሌተር በዴቨሎፐር ሞድ የኤፍፒኤስ (በሰከንድ የሚታየው ፍሬም) መቁጠሪያ አለው፤ የገደበው ሜይን ትሬድ ይሁን ጂፒዩ (ግራፊክስ ካርዱ) በግልጽ ይጽፍላችኋል። የኛው «ሜይን ትሬድ» አለ። የጓደኛዬ ፕሮሰሰር እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ራይዘን 5 2600 ነው። ስድስት ኮር አለው፤ አንዱ ኮር ብቻውን ሲታይ ግን ከዛሬዎቹ በጣም ይዘገያል።

ስለዚህ ለሲሙሌተር ኮምፒውተር የምትገጣጥሙ ሰዎች፣ የኮር ብዛት አያማልላችሁ። ስምንት ፈጣን ኮር ከአሥራ ስድስት ዘገምተኛ ይሻላል። ከዚያ ካሽ የሚባል አለ (ብሩን አይደለም)። ፕሮሰሰሩ ቶሎ ቶሎ የሚፈልገውን ዳታ እዚያው ጉያው የሚይዝበት ትንሽ ማኅደር ነው። ሲሙሌተር ብዙ የተበታተነ ዳታ ስለሚያገላብጥ ትልቅ ካሽ በጣም ይወዳል። ትልቅ ካሽ ያላቸው የኤኤምዲ ኩባንያ ኤክስ3ዲ ፕሮሰሰሮች በበራሪዎች ዘንድ ስማቸው የገነነው ለዚህ ነው። ራይዘን 7 5800ኤክስ 32 ሜጋባይት ኤል3 (ትልቁ) ካሽ ሲኖረው፣ ወንድሙ 5800ኤክስ3ዲ 96 አለው። ጥሩነቱ ኤኤም4 የሚባለው አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ይገባል፤ ቦርዱ የሚቀበለው መሆኑን አይታችሁ ባዮሱን (የቦርዱን መነሻ ሶፍትዌር) ቀድማችሁ ማደስ ብቻ ነው።

ራም (የኮምፒውተሩ የሥራ ማኅደር) ላይ ብዙ አልቆይም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው አዲሱ የማይክሮሶፍት ሲሙሌተር ቢያንስ 16 ጊጋባይት ይጠይቃል፣ የሚመክረው 32 ነው። በሁለት ቁራጭ ግዙት እንጂ በአንድ አይሁን። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆየውን ባትሪ፣ ዩፒኤስንም አትርሱ፤ ቦሌ ልታርፉ አንድ ደቂቃ ሲቀራችሁ መብራት ሲሄድ የሚሰማውን ስሜት አልመኝላችሁም።

የዚያን ማታ ገንዘብ ስላልነበረ ሴቲንግ ውስጥ ገባን። ቴሬን ሌቭል ኦፍ ዲቴይል የሚባለውን (የመሬቱ ዝርዝር እስከ ምን ርቀት እንደሚታይ የሚወስነውን) ከ200 ወደ 100 አወረድነው። የመንገድና የአየር ትራፊኩን ቀነስን። ሁለቱም ፕሮሰሰሩን የሚያስጨንቁ ናቸው። 22 የነበረው 33 ሆነ። ከዚያ ደመናውን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግነው። ጓደኛዬ «ኧረ ይብስበታል!» ብሎ እጄን ያዘኝ። ፍሬሙ ግን አልወረደም። ደመና የሚስለው በአብዛኛው ካርዱ ነው፤ እሱ ደግሞ እስከዚያ ሰዓት ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ነበር።

አሁን 5800ኤክስ3ዲ እያፈላለገ ነው። ሌላ ዕቁብ ገብቷል።