በአውቶማቲክ ካምቢዮ ጥገና ብሎን የማጥበቅ ሥራ፦ ከድሬዳዋ ጋራዦች አንጻር

በአውቶማቲክ ካምቢዮ ጥገና ውስጥ ብሎን ማጥበቅን ያህል ቀላል መስሎ ብዙ ጥፋት የሚያስከትል ሥራ የለም። ዘይት ለመቀየር፣ ፊልትሮ ለማጽዳት ወይም ቫልቭ ቦዲ፣ ማለትም ዘይቱን በቫልቮች የሚመራውን የውስጥ ክፍል፣ ለማውረድ የተከፈተ ካምቢዮ መልሶ የሚዘጋው በትንንሽ ብሎኖች ነው። ብሎኖቹ ብረት ናቸው፤ የሚገቡበት የካምቢዮ አካል ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአሉሚኒየም የተሠራ ስለሆነ ከብረቱ ይለሰልሳል። ጉልበት በዝቶ አንዱ ይሸነፍ ከተባለ የሚሸነፈው ውዱ አካል ነው። ስለዚህ ሥራው አምራቹ በወሰነው የመጠምዘዣ ኃይል፣ ማለትም በቶርክ ልክ፣ በተወሰነ ቅደም ተከተል እና በንጹሕ ጥርስ ላይ የሚከናወን የልኬት ሥራ ነው።

ድሬዳዋ ከመፍቻ ጋር አብራ ያደገች ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ ተቆረቆረች፤ ሐዲዱ እስከ 1917 ድረስ አዲስ አበባ አልገባም ነበር። በከዚራ በኩል የተተከለው የባቡር ጥገና ወርክሾፕ ለብዙ አሥርት ዓመታት የከተማዋ ትልቁ የእጅ ሙያ ትምህርት ቤት ሆኖ ኖሯል። የሎኮሞቲቭና የፉርጎ ብሎን ያሠለጠነው ክንድ፣ ቀጥሎም የጭነት መኪና ጎማ ሲፈታና ሲያስር የኖረ ክንድ፣ ዛሬ የቪትዝ ወይም የኮሮላ ካምቢዮ ሥር ይተኛል። ለዚህ ክንድ ከባዱ ነገር ጉልበት ማውጣት አይደለም፤ ቶርክ በሚለካበት በኒውተን ሜትር ሰባት ላይ ማቆም ነው።

ጉዳዩን ይበልጥ አንገብጋቢ የሚያደርገው ሌላ ምክንያትም አለ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በመንገድ ላይ ያሉት አውቶማቲክ መኪኖች እየተጠገኑ ይኖራሉ ማለት ነው። የአንድ ብሎን ጥርስ ሲበላ የሚጎዳው የካምቢዮው ዋና አካል ነው፤ እርሱን ደግሞ ከመለዋወጫ መደብር መደርደሪያ ላይ በቀላሉ አያገኙትም።

ብሎን እንዴት ይይዛል

ብሎን ሲጠብቅ እንደ ጎማ ላስቲክ በጥቂቱ ይለጠጣል፤ ሁለቱን አካላት አጣብቆ የሚይዘው ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ለመመለስ የሚያደርገው ትግል ነው። መጠኑ ብዙዎችን ያስገርማል። ባለ ስድስት ሚሊሜትር ውፍረት፣ በአሥር ቁጥር መፍቻ የሚፈታ ተራ የዘይት ኮፓ (ካምቢዮውን ከሥር የሚዘጋው የዘይት ሳህን) ብሎን በ7.4 ኒውተን ሜትር ሲጠብቅ ከ600 ኪሎ ግራም ክብደት በላይ በሆነ ኃይል ኮፓውን ወደ ላይ ይጫነዋል። ይህን ለማግኘት አሥራ አምስት ሳንቲሜትር እጀታ ባለው መፍቻ ጫፍ ላይ የአምስት ኪሎ ያህል ግፊት ይበቃል። በረጅም መፍቻ ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ ማለፍ የአንድ ትንፋሽ ጉዳይ ነው።

እጅ ከሚያወጣው ኃይል ውስጥ ለማጣበቅ የሚውለው አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው በብሎኑ ራስ ሥርና በጥርሶቹ መካከል ባለው ሰበቃ ያልቃል። ሰበቃው ሲቀየር ውጤቱም ይቀየራል። ዘይት የነካው ብሎን በዚያው በተለካ ቶርክ ከደረቁ ይልቅ በሲሶ ያህል ጠንክሮ ሊይዝ ይችላል። በተቃራኒው አሸዋ ወይም ዝገት ያለበት ጥርስ መፍቻው ልኩን እንደደረሰ እየተናገረ ኮፓውን ላላ አድርጎ ይተወዋል። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ነፋስ በተነሣ ቁጥር በየጋራዡ የሚገባበት ከተማ ውስጥ ይህ ተራ ማስጠንቀቂያ አይደለም። ብሎኖቹን በቤንዚን ወይም በፍሬን ማጽጃ ማጠብ፣ ቀዳዳዎቹን በአየር ንፍቶ ማድረቅ፣ ኮፓው ከመፈታቱ በፊትም ዙሪያውን ማጽዳት የማጥበቁ ሥራ አካል ነው። በተደፈነ ቀዳዳ ግርጌ ተጠራቅሞ የቀረ ዘይትም አደገኛ ነው፤ ፈሳሽ ስለማይታመቅ ብሎኑ ሲገባ አካሉን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ሙቀትም ድርሻ አለው። አሉሚኒየም በሙቀት የሚሰፋው የብረትን እጥፍ ያህል ነው። ካምቢዮው ሲግል ብሎኑን ይበልጥ ይወጥረዋል፣ ሲቀዘቅዝ ያላላዋል። ስለዚህ የመመሪያ መጽሐፎች ቁጥር በቀዘቀዘ አካል ላይ የሚሠራ ቁጥር ነው። ከደንገጎ ዳገት ወርዶ በቀጥታ ጉድጓድ ላይ የቆመ መኪና ሳይቀዘቅዝ መዘጋት የለበትም። የድሬዳዋ ሰው ከባድ ሥራውን ማለዳ ጨርሶ የቀትሩን ሐሩር በጥላ ማሳለፍ ልማዱ ነው፤ ለካምቢዮ ሥራም ከዚህ የተሻለ ሰዓት አይገኝም።

ቁጥሩና መለኪያው

የተለያዩ አምራቾች የተለያየ መለኪያ ስለሚጽፉ ከሁሉ የከፋው ስሕተት የሚፈጠረው በንባብ ላይ ነው። በሃይሉክስና በፕራዶ ላይ በሰፊው የሚገኘው የቶዮታ ኤ 340 ካምቢዮ የኮፓ ብሎኖች ልክ 7.4 ኒውተን ሜትር ነው። ይኸው ቁጥር በጃፓን ልማድ 75 ኪሎ ግራም ሳንቲሜትር፣ በአሜሪካ ልማድ 65 ኢንች ፓውንድ ተብሎ ይታተማል። ስልሳ አምስቱን ፉት ፓውንድ አድርጎ ያነበበ ሰው መፍቻውን የሚሞላው በ88 ኒውተን ሜትር ነው፤ ብሎኑ ከዚያ አንድ አራተኛ ላይ ሳይደርስ ይቆረጣል። አንድ ፉት ፓውንድ 1.356 ኒውተን ሜትር፣ አንድ ኢንች ፓውንድ ደግሞ 0.113 ኒውተን ሜትር መሆኑ በየጋራዡ ግድግዳ ላይ በትልቁ ተጽፎ ቢሰቀል ብዙ ካምቢዮ ይተርፍ ነበር።

ከአንዱ ካምቢዮ ወደ ሌላው ቁጥር መዋስም አይገባም። የጄኔራል ሞተርስ 4ኤል60ኢ ኮፓ 11 ኒውተን ሜትር ይፈልጋል፤ በቶዮታው ላይ ይህን ማድረግ ግማሽ ያህል ትርፍ መጫን ነው። በአንዳንድ ዘመናዊ የአውሮፓ ካምቢዮዎች ላይ ብሎኖቹ ራሳቸው አሉሚኒየም ናቸው። እነርሱ በትንሽ ቶርክ ከተያዙ በኋላ በተወሰነ ማዕዘን ይዞራሉ፤ አንዴ ከተፈቱም በአዲስ ይተካሉ።

የቶርክ መፍቻን ያስገኘው የቧንቧ ሥራ ነው። ኮንራድ ባር የተባለ የኒው ዮርክ ከተማ ውኃ አገልግሎት ሠራተኛ፣ የትልልቅ ቧንቧዎች መገጣጠሚያ ብሎኖች ያለ ልክ እየጠበቁ ሲያስቸግሩት እ.ኤ.አ. በ1918 ገደማ እንደ ፈጠረው ይነገራል። የፈጠራ መብቱ የተመዘገበው በ1937 ነው። በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ፣ በ1939፣ ጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ የተባለውን በብዛት የተመረተ የመጀመሪያ ሙሉ አውቶማቲክ ካምቢዮ ይፋ አደረገ። መሣሪያውና ሥራው የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል።

ብዙ ጋራዦች ያላቸው የቶርክ መፍቻ ለቴስታታና ለጎማ የሚሆን፣ ከ40 እስከ 200 ኒውተን ሜትር የሚለካ ትልቅ መፍቻ ነው። ይህ መሣሪያ ሰባት ኒውተን ሜትርን ከቶ አያውቀውም። ለኮፓና ለቫልቭ ቦዲ ከሁለት ወይም ከአምስት ጀምሮ እስከ 25 ድረስ የሚለካ ትንሽ መፍቻ ያስፈልጋል። ዋጋው ከአንድ ካምቢዮ ጥገና ዋጋ ጋር ሲተያይ ትንሽ ስለሆነ፣ አውቶማቲክ መኪና እንጠግናለን የሚል ጋራዥ ያለ እርሱ ሥራ መጀመሩ ተገቢ አይመስለኝም። መፍቻው በእጀታው መሐል ተይዞ በዝግታ ይሳባል፤ ቀጭ ሲል ይቆማል። ለማረጋገጥ ብሎ ሁለተኛ ጊዜ ማስጮህ ከልኩ ማሳለፍ ነው። ብሎን ለመፍታት አይውልም፣ ከመሬት ከወደቀም እንደገና ሳይፈተሽ አይታመንም። ሥራ ሲያልቅ ወደ ዝቅተኛ ቁጥሩ ተመልሶ ይቀመጣል። ዓለም አቀፉ ደረጃ በየ12 ወሩ ወይም በየ5,000 አጠባበቁ እንዲፈተሽ ያዛል።

ኮፓው

ኮፓ ሲገጠም ብሎኖቹ ሁሉ በመጀመሪያ በባዶ እጅ ጥርስ መያዝ አለባቸው። በእጅ የማይገባ ብሎን በመፍቻ ተገዶ መግባት የለበትም፤ ወይ ጠምሞ ይዟል ወይም ጥርሱ ቆሽሿል። ሁሉም ከተያዙ በኋላ ከመካከል ተነሥቶ በመስቀልያ ወደ ጠርዝ እየሄዱ በመጀመሪያው ዙር ግማሹን ልክ፣ በሁለተኛው ሙሉውን መስጠት የተለመደ ነው። የአየር መፍቻ ለመፍታት ካልሆነ በቀር ከዚህ ሥራ ሙሉ በሙሉ መራቅ አለበት።

ከተገጠመ በኋላ የዘይት ላብ ሲታይ የሚደረገው ነገር የብዙ ካምቢዮ ዕጣ የሚወሰንበት ነው። አብዛኛው ሰው መፍቻ ያነሣና ያጠብቃል። ለአንድ ቀን የቆመ ይመስላል። ነገር ግን ቀጭኑ የቆርቆሮ ኮፓ ከብሎኑ ሥር ወደ ላይ ይሰረጉዳል፣ በሁለት ብሎኖች መካከል ያለው ከንፈር ደግሞ ወደ ታች ይነፋል፤ ጋስኬቱም ከብሎኑ አጠገብ ተጨፍልቆ ወደ ውጭ ይወጣል። ላቡ ጠብታ ይሆናል፣ መፍቻው እንደገና ይነሣል። በመጨረሻ የአሉሚኒየሙ ጥርስ ተበልቶ ከብሎኑ ጋር ተጠምጥሞ ይወጣል። ትክክለኛው መንገድ ኮፓውን ማውረድ፣ ከንፈሩን በጠፍጣፋ እንጨት ላይ አስተኝቶ በቀስታ በመዶሻ ማቃናት፣ የድሮውን ጋስኬት ቅሪት ያለ ጭረት ማንሣት እና አዲስ ጋስኬት በልኩ ማሰር ነው። ላቡ ከኮፓው መሆኑም ይረጋገጥ፤ ከላይ ከማርሽ ዘንግ ወይም ከቱቦ የወረደ ዘይት ኮፓውን በሐሰት ያስከስሳል።

በጋስኬት ላይ ሲሊኮን መደረብ በሰፊው የሚታይ ልማድ ነው። አምራቹ ካላዘዘ ጥፋቱ ከጥቅሙ ይበልጣል፦ ጋስኬቱን ያንሸራትታል፣ ወደ ውስጥ የተረፈውም ተቆርጦ የፊልትሮውንና የቫልቮቹን ጠባብ መንገድ ይዘጋል። ጋስኬት ሳይኖራቸው በሲሊኮን ብቻ እንዲዘጉ የተሠሩ ኮፓዎች አሉ፤ እነርሱ ላይ ቀጭን ያልተቋረጠ መስመር ተደርጎ እንዲደርቅ ጊዜ ይሰጠዋል።

መፍሰሱ የሚያስከትለው ነገር በዚህ አካባቢ ቶሎ ይታያል። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወጣ መኪና ከ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ በደንገጎ ጠመዝማዛ ወደ 2,000 ሜትር ይደርሳል። ዘይቱ ጎድሎ ከሆነ በዳገቱ ላይ ወደ ኋላ ሲያዘነብል ፓምፑ አየር ይስባል፤ ዘይቱ አረፋ ይሆናል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ የውስጥ ፍሪሲዮኖቹ እየተንሸራተቱ ይቃጠላሉ።

ውስጥ ያሉት ብሎኖች

የቫልቭ ቦዲ ብሎኖች ከኮፓው ጋር ተቀራራቢ ልክ አላቸው፤ በኤ 340 ላይ 10 ኒውተን ሜትር ነው። ችግሩ ርዝመታቸው ነው። በአንድ ቫልቭ ቦዲ ላይ በጥቂት ሚሊሜትር የሚለያዩ ብዙ ዓይነት ብሎኖች ይኖራሉ። ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ሲገባ ግርጌውን ይመታል፤ መፍቻው ቀጭ ቢልም ምንም አልያዘም። አጭሩ በረጅሙ ቦታ ሲገባ ሁለት ሦስት ጥርስ ብቻ ይዞ ነቅሎ ይወጣል። ካርቶን ላይ የቫልቭ ቦዲውን ቅርጽ ሥሎ እያንዳንዱን ብሎን በቦታው መሰካት ይህን ሁሉ ያስቀራል። ያለ እኩልነት የጠበቀ ቫልቭ ቦዲ በጥቂቱ ይጣመማል፤ ቫልቮቹ በመንገዳቸው ይያዙና መኪናው ማርሽ ሲቀይር መምታት ይጀምራል። ባለቤቱም ጤነኛ ካምቢዮ ተበላሽቷል ተብሎ ይነገረዋል።

ካምቢዮው ወርዶ ከነበረ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኙት ትልልቅ ብሎኖች በብዙ መኪኖች ከ60 ኒውተን ሜትር በላይ ይጠብቃሉ። እዚህ ላይ አንድ ሕግ ያለ ልዩነት ይሠራል፦ ብሎን የተገናኘን ያስራል እንጂ ያልተገናኘን ጎትቶ አያገናኝም። ሁለቱ አካላት በእጅ ግፊት ካልተጋጠሙ የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ቶርክ ኮንቨርተር በፓምፑ ላይ በሙሉ አልገባም ማለት ነው። በብሎን ተስቦ ከተዘጋ ሞተሩ ሳይነሣ ፓምፑ ተሰብሯል።

ማፍሰሻው፣ ልኬቱ፣ የተበላ ጥርስ

የዘይት መለኪያ ዘንግ የሌላቸው ካምቢዮዎች ላይ ከማፍሰሻው በፊት የመሙያው ብሎን ይፈታል። አልፈታ ቢል ዘይቱ ገና ውስጥ ስለሆነ መኪናው በራሱ ወደ ሌላ ጋራዥ መሄድ ይችላል። የማፍሰሻው ሮንዴላ በየጊዜው በአዲስ ይተካል፤ የተጨፈለቀውን መልሶ ማሰር ከልክ በላይ ማጥበቅን ይጋብዛል። በእነዚህ መኪኖች ላይ የዘይቱ መጠን የሚረጋገጠው ዘይቱ ወደ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሆን፣ ሞተሩ እየሠራ ነው። በግንቦትና በሰኔ ቀትር ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና ሞተሩ ሳይነሣ ለዚህ ሙቀት ይቀርባል፤ ጥቂት ከሠራ ያልፈዋል። የጋለ ዘይት ስለሚሰፋ ትርፉ በልኬት ቀዳዳው ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝም ካምቢዮው ጎዶሎ ይሆናል።

ጥርሱ የተበላ ቀዳዳ ሞቶ አልተቀበረም። ባለ ስድስት ሚሊሜትሩ ቀዳዳ በ6.3 ሚሊሜትር መብሻ ተከፍቶ፣ ልዩ ጥርስ ወጥቶለት የብረት ጥምዝምዝ ሽቦ ሲገባበት ከቀድሞው የበለጠ ይጠነክራል። ጥንቃቄው ፍርፋሪው ወደ ውስጥ እንዳይገባ ቀዳዳውን ከውስጥ በኩል መሸፈንና መብሻውን በግሪስ ቀብቶ በዝግታ መሥራት ነው። ቀጥ ያለ ብሺ ስለሚፈልግ፣ እጁ ያልለመደ መካኒክ ሥራውን ለቶርኖ ባለሙያ ቢሰጥ ይሻላል፤ ድሬዳዋ ደግሞ የቶርኖ ሰው አጥታ አታውቅም። ከዚያ በኋላ ብሎኑ እንደ ጎረቤቶቹ በዚያው በ7.4 ይጠብቃል፤ ጠግነነዋልና ትንሽ ይጨመርለት አይባልም።