የሸማኔ ሴት ልጆች በወሎ

በወሎ ጋቢ ሲመሰገን የሚጠራው የሸማኔው ስም ነው፤ «የእገሌ ሥራ» ይባላል። ማጉን፣ አግድም የሚገባውን ክር፣ የፈተለችው ብዙ ጊዜ ልጁ ወይም ሚስቱ ናት፤ ማን ፈተለው ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ሽመና የወንድ፣ ፈትል የሴት ሆኖ ስለቆየ ልጅቱ ሸማኔ ተቀምጦ የሚሠራበት ጉድጓድ ውስጥ ገብታ መወርወሪያ አትይዝም። የአባትየውን ዕቃና ስም ወንድሟ ይወርሳል፤ እሷ እንዝርቷን ይዛ ትዳር ትወጣለች። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት እንኳ ፈታይዋን አያነሳም።

ጥጥ የቆላ ተክል ነውና ወደ ደጋው የሚወጣው ከራያ ቆቦና ከአፋር በኩል ነው። መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ እርጥብ ጥጥ ፍሬውን አይለቅም። ከዚያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በጥቂት በጥቂቱ እየተደረገ በቀጭን ብረት ይዳመጣል። መዳመጫው ሲንከባለል ፍሬው ወደ ፊት እየፈነጠረ ይወጣል። እጅ ከከበደ ፍሬው ይሰበርና ፍርፋሪው ጥጡ ውስጥ ይቀራል፤ ሸማው ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ የሚታየው እሱ ነው። የተዳመጠው ጥጥ በደጋን ይነደፋል፤ ጅማቱ ሲነዝር ጥጡ ይፍታታል፣ አቧራውም ይራገፋል። ይህ ባዘቶ ነው፤ ሲጠቀለል አመልማሎ ይባላል።

ፈታይዋ አመልማሎውን በግራ እጇ ይዛ እንዝርቱን ጭኗ ላይ በቀኟ ታሾረዋለች። የሚታየው የቀኝ እጅ ነው፤ ሙያው ግን ያለው ጥጡን በሚለቁት የግራ ጣቶች ላይ ነው። አለቃቀቁ ካልተመጣጠነ ክሩ እዚህ ወፍሮ እዚያ ይቀጥናል። ክረቱ፣ የክሩ መጠምዘዝ፣ ካነሰ ይበጠሳል፤ ከበዛ ደግሞ በራሱ ላይ እየተጠማዘዘ ይቋጠራል፣ ጨርቁም ሲታጠብ ይኮማተራል። የሁለት ሴቶች ፈትል አንድ ጋቢ ውስጥ ከገባ ልዩነቱ ከሩቅ እንደ ጥላ መስመር ይታያል። ጠንቃቃ ሸማኔ ልቃቂት አይቀላቅልም።

ዛሬ ድሩ፣ በቁመት የሚወጠረው፣ ባብዛኛው የፋብሪካ ክር ነው። ድር ተወጥሮ ሲፋተግ ስለሚውል ጠንካራና እኩል መሆን አለበት። የማጉ ነገር ሌላ ነው፤ የእጅ ፈትል ሲሆን ጋቢው ይለሰልሳል፣ ይሞቃልም። ጋቢ አራት እጥፍ ስለሆነ ደግሞ ብዙ ማግ ይበላል። ድሩ ከተዘጋጀ በኋላ ሸማኔው በቀናት ለሚጨርሰው ሥራ ፈታይዋ ሳምንታት ስትፈትል ትከርማለች። ዋጋ ሲቆረጥ ግን የልጅ ፈትል እንደ ቤት ሥራ ይታለፋል፤ ሒሳብ የሚያዝለት ከገበያ ሲገዛ ብቻ ነው።

የእጅ ፈትልን ለመለየት ጨርቁን አንድ እጥፉን ይዞ ወደ ብርሃን ማንሳት ይበቃል። የፋብሪካው ድር ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ አግድም የሚያልፈው ማግ ግን ወፈር ቀጠን ይላል። እሱ የእሷ እጅ ነው።