ሥላሴ የተቀበሩ ፖለቲከኞች፦ የሚወራውና እውነታው

አራት ኪሎ፣ ከፓርላማው ብዙም ሳይርቅ፣ መንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አለ። የአዲስ አበባ ሰው በአጭሩ «ሥላሴ» ይለዋል። «እገሌ እኮ ሥላሴ ነው የተቀበረው» ከተባለ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ትልቅ ሰው እንደነበረ ሁሉም ይገባዋል።

ስለ ግቢው ግን ብዙ የተዛባ ወሬ አለ። ታክሲ ውስጥ ይወራል፣ ለቅሶ ቤት ይወራል፣ ለእንግዳ ከተማውን የሚያሳይ ሰው ሳይቀር ይደግመዋል። አንዳንዱ ተራ ስሕተት ነው። አንዳንዱ ግን ያሳዝነኛል፤ እዚያ ያረፉት ሰዎች እንዴት እንደሞቱና በምን መንገድ እዚያ እንደደረሱ ይሸፍናልና። ከስመ ጥሮቹ ፖለቲከኞች ብዙዎቹ ሥላሴ የገቡት በሞቱ ማግስት አይደለም። መጀመሪያ ሌላ ቦታ፣ ያለ ፍትሐት፣ ያለ ለቀስተኛ አፈር ለብሰዋል። ከዓመታት በኋላ ዐፅማቸው ወጥቶ ነው የመጣው። እንግዲህ የሚባለውን አንድ በአንድ እንየው።

«ሥላሴ የሚቀበረው ባለሥልጣን ብቻ ነው»

አይደለም። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን እዚያ ነው ያረፈው። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌም እዚያ ነው። ጥላሁን ገሠሠ በ2001 ሲያርፍ ከተማው በእንባ ሸኝቶ የቀበረው እዚሁ ግቢ ነው። የሕዳሴው ግድብ ሥራ አስኪያጅ የነበረው ኢንጂነር ስመኘው በቀለ ሐምሌ 2010 የተቀበረውም እዚህ ነው። ከእነዚህ አንዳቸውም ሚኒስትር አልነበሩም።

በተቃራኒው ደግሞ «ታዋቂ ሰው ሁሉ እዚያ ነው» የሚልም አለ። አበበ ቢቂላን ፍለጋ ሥላሴ የሄደ ሰው አያገኘውም። አበበ በ1966 የተቀበረው ቅዱስ ዮሴፍ ነው። ማሞ ወልዴም እዚያው ነው ያረፈው።

«ነገሥታቱ ሁሉ እዚያ ናቸው፤ ምኒልክም ጭምር»

ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! ዳግማዊ ምኒልክ ያሉት በዓታ ነው፤ በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ገዳም። እቴጌ ጣይቱም ንግሥት ዘውዲቱም እዚያው ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑን ለአባታቸው ማረፊያ ያሠሩት ዘውዲቱ ናቸው። በዓታና ሥላሴ በእግር የሚደረስባቸው ጎረቤታሞች ስለሆኑ ነው መሰለኝ ሰው የሚያምታታቸው።

የምኒልክም ቀብር ቀላል ታሪክ የለውም። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ አልተነገረም። አስከሬናቸው በቤተ መንግሥቱ ግቢ ሥዕል ቤት ኪዳነ ምሕረት ተቀመጠ። ወደ በዓታ የፈለሱት በኋላ ነው። ሞትን መደበቅና መቃብርን ማዘዋወር በደርግ ዘመን የተጀመረ ነገር አለመሆኑን ከዚህ ማየት ይቻላል።

ሥላሴ ካቴድራል ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሥራ ነው። ግንባታው ከጣሊያን ወረራ በፊት ተጀመረ። ወረራው አስቆመው። ከነጻነት በኋላ ተጠናቅቆ የድሉ መታሰቢያ ሆነ። ግቢው ለአርበኞች ማረፊያ የሆነውም ከዚሁ ጋር ተያይዞ ነው።

«ጃንሆይን መንግሥት በክብር አፍልሶ ቀበራቸው»

የቀብሩን ቪዲዮ ያየ ወጣት እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። ካህናቱ፣ ጃንጥላው፣ አሮጌውን የክብር ልብስ የለበሱት አርበኞች፣ ሁሉም አለ። ግን የመንግሥት ቀብር አልነበረም።

ቅደም ተከተሉን ልንገራችሁ። ጃንሆይ መስከረም 2 ቀን 1967 ከዙፋን ወረዱ። ነሐሴ 21 ቀን 1967 ሞቱ። ደርግ በሕመም እንደሞቱ ተናገረ። ኋላ የደርግ ባለሥልጣናት ሲከሰሱ ግን ዐቃቤ ሕግ ንጉሠ ነገሥቱ ታንቀው እንደተገደሉ አድርጎ አቀረበ። ቀብር የሚባል ነገር አልተደረገላቸውም። ቤተ ዘመድ አላለቀሰም፣ ፍትሐት አልተፈታም፣ መቃብራቸው የት እንደሆነ የሚናገር አልተገኘም።

ዐፅማቸው የተገኘው በ1984 ነው። በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ፣ በኮንክሪት ሥር። ታዲያ በቀጥታ ወደ ሥላሴ አልመጣም። በዓታ ገባ። እዚያ፣ ምኒልክ ባሉበት ቤተ ክርስቲያን፣ ለስምንት ዓመታት ያህል ቆየ። ራሳቸው ባሠሩት ካቴድራል የተቀበሩት ጥቅምት 26 ቀን 1993 ነው፤ ከሞቱ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ። ያን ቀን ያዘጋጁት ቤተሰቡ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱና በስማቸው የተቋቋመው የመታሰቢያ ድርጅት ናቸው። በሥልጣን ላይ የነበረው መንግሥት ሥርዓቱን የመንግሥት ቀብር አላደረገውም።

አንድ ተጨማሪ ነገር። «ራስ ተፈሪያውያን ሁሉ መጥተው ቀበሯቸው» ይባላል። ሪታ ማርሊን ጨምሮ የመጡ አሉ። ብዙዎቹ ግን ዐፅሙ የጃንሆይ መሆኑን አልተቀበሉም፤ ለእነሱ ጃንሆይ አልሞቱምና።

ዛሬ ወደ ካቴድራሉ ስትገቡ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌ መነን ጎን ለጎን በትልልቅ የግራናይት መቃብር አርፈዋል። እቴጌ የካቲት 1954 ስለሞቱ የኋላውን መከራ አላዩም። የልጆቻቸው ማረፊያ ከሥር፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ነው። በ1989 በስደት አሜሪካ ያረፉት አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰንም አስከሬናቸው መጥቶ እዚያ ተቀብሯል።

«ስልሳዎቹ ተፈርዶባቸው የተገደሉ ሚኒስትሮች ናቸው»

እዚህ ላይ ቆም ልበል። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ስሕተት አለ፤ ሁለቱም ከባድ ናቸው። ስልሳዎቹ የምንላቸው ደርግ ኅዳር 1967 የገደላቸው ሹማምንትና ወታደሮች ናቸው።

መጀመሪያ «ተፈርዶባቸው» የሚለው። ፍርድ የለም። ፍርድ ቤት አልቀረቡም፣ ክስ አልተነበበላቸውም፣ ጠበቃ አላቆሙም። የቀድሞ ባለሥልጣናትን ጥፋት እንዲያጣራ የተቋቋመ መርማሪ ኮሚሽን ነበር። ሥራውን ገና አልጨረሰም። ደርግ ተሰብስቦ፣ ስም እየተጠራ፣ በድምፅ ብልጫ ወሰነ። ብዙዎቹ እስከዚያች ሌሊት ድረስ ታስረው የቆዩት በምኒልክ ቤተ መንግሥት ምድር ቤት ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967፣ ቅዳሜ፣ ወደ ከርቸሌ እስር ቤት ተወስደው ተረሸኑ። ሀገር የሰማው እሑድ ጠዋት በሬዲዮ ነው። ደርግ ራሱ የሰጠው ስም «ፖለቲካዊ ውሳኔ» የሚል ነበር። ገዳዩ እንኳ ፍርድ ያላለውን እኛ ዛሬ ፍርድ ብለን መጥራታችን ልክ አይደለም።

ሁለተኛው «ሚኒስትሮች» የሚለው ነው። ሚኒስትሮችማ ነበሩ። ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትሮች አሉ። አንዱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በፓሪስ የሰላም ጉባኤ ለኢትዮጵያ የተከራከሩት ጸሐፊ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ናቸው። ሌላው እሳቸውን ተክተው ለጥቂት ወራት ብቻ የሠሩት ልጅ እንዳልካቸው መኰንን ናቸው። ልዑል ራስ አሥራተ ካሣ፣ ራስ መስፍን ስለሺ፣ ሌተና ጄነራል አብይ አበበም አሉ። የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ፣ የባሕር ኃይሉ እስክንድር ደስታም አለ። ከእነሱ ጋር ግን መቶ አለቃና ሻምበል፣ ከዚያም ዝቅ ያለ ማዕረግ የነበራቸው ወታደሮች ተረሽነዋል። እነዚህ ርስትም ሥልጣንም አልነበራቸውም። ከደርግ ጋር በሐሳብ የተለያዩ ናቸው። «ደርግ ፊውዳሎቹን ገደለ» የሚለው አነጋገር እነዚህን ወታደሮች ከታሪክ ያስወጣቸዋል። ስለ ስልሳዎቹ ሲወራ ስማቸውን የሚጠራ ሰው አለማጋጠሙ ሁልጊዜ ይከነክነኛል።

«ሁሉም ከርቸሌ ነው የተረሸኑት» የሚለውም ሙሉ አይደለም። ከስልሳዎቹ ጋር የሚቆጠሩት ሌተና ጄነራል አማን ሚካኤል አንዶም ያን ቀን የሞቱት ቤታቸው ውስጥ፣ ሊይዟቸው ከመጡ ወታደሮች ጋር ተታኩሰው ነው። አማን የደርጉ የመጀመሪያው ርእሰ ብሔር ነበሩ። ከደርጉ ጋር የተለያዩበት አንዱ ምክንያት የእስረኞቹ መገደል ነው፤ አልፈቀዱም።

የተረሸኑት እዚያው ከርቸሌ ግቢ በጅምላ ጉድጓድ ተጣሉ። ቤተሰብ አስከሬን አልተሰጠውም። ለአሥራ ሰባት ዓመታት እናቶችና ሚስቶች ያለ መቃብር አለቀሱ። ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ክረምት፣ ጉድጓዱ ተቆፈረ። ዐፅማቸው ወጥቶ በፍትሐት ሥላሴ ተቀበረ። መታሰቢያቸው ዛሬ ግቢው ውስጥ ነው። እዚያው ከርቸሌ የነበረው «ዓለም በቃኝ» የሚባለው እስር ቤት ፈርሷል። ቦታው ላይ የአፍሪካ ኅብረት አዳራሽና ሕንፃ ቆሟል። በዚያ የሚያልፍ ሰው ምን እንደነበረ የሚያውቅ አይመስለኝም።

«መለስ የተቀበሩት ካቴድራሉ ውስጥ፣ ከጃንሆይ አጠገብ ነው»

ግቢው አንድ ነው፤ ቦታው ግን ይለያያል። ጃንሆይ ያሉት ሕንፃው ውስጥ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ያሉት ውጭ፣ በመካነ መቃብሩ ነው። ነሐሴ 14 ቀን 2004 ሞቱ፤ ነሐሴ 27 ተቀበሩ። የእሳቸው የመንግሥት ቀብር ነበር፤ የአፍሪካ መሪዎችም ተገኝተዋል። በዚያው ወር፣ ነሐሴ 10፣ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ አርፈው ነሐሴ 17 እዚሁ ተቀብረዋል። የ1993ቱን የጃንሆይ ቀብር የመሩት እኚሁ አባት ናቸው።

ስለዚህ በአንድ ግቢ ውስጥ ንጉሠ ነገሥቱ፣ ደርግ የረሸናቸው ሹማምንትና ደርግን በጦር ያሸነፈው ግንባር መሪ አሉ። ከአንዱ መቃብር ወደ ሌላው የጥቂት ደቂቃ እርምጃ ነው።

«እንግሊዛዊቷ የተቀበረችው የጃንሆይ ወዳጅ ስለነበረች ነው»

ሲልቪያ ፓንክረስትን ማለታቸው ነው። የጃንሆይ ወዳጅ መሆናቸው እውነት ነው። ግን ይህን ብቻ ማለት ያሳንሳቸዋል። ሲልቪያ ለሴቶች የመምረጥ መብት ታግለው በሀገራቸው በተደጋጋሚ የታሰሩ ፖለቲከኛ ናቸው። ጣሊያን ኢትዮጵያን ሲወር የእንግሊዝ መንግሥት ወረራውን አላስቆመም፤ እሳቸው ጋዜጣ መሥርተው ስለ ኢትዮጵያ ለዓመታት ጮኹ። ኢትዮጵያን ሳያዩ ነው ይህን ያደረጉት። ከድሉም በኋላ አልተዉንም። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዲሠራ ገንዘብ አሰባሰቡ። በመጨረሻም አዲስ አበባ መጥተው ኖሩ። መስከረም 17 ቀን 1953፣ በመስቀል በዓል ዕለት አረፉ። ወለተ ክርስቶስ ተብለው ከአርበኞቹ ጋር፣ በካቴድራሉ ፊት ለፊት ተቀበሩ። ልጃቸው፣ የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስትም በ2009 እዚሁ አርፈዋል።

«ደርግ የገደላቸው ትልልቅ ሰዎች ሁሉ ሥላሴ ናቸው»

ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን ብዙ ሰው እዚያ ይፈልጋቸዋል። የሉም። ደርግ በ1971 አስገደላቸው። እሳቸውም እንደሌሎቹ ያለ ቀብር ቀሩ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ዐፅማቸው ሲወጣ ያረፉት ጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ነው፤ ራሳቸው ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን። የደርግ ሰለባዎችን መቃብር እየዞራችሁ የምትሳለሙ ከሆነ ከሥላሴ ቀጥሎ ወደ ጎፋ ውረዱ።

ከውጭ ለመጡ ዘመዶቻችሁ ደግሞ ይህን ንገሩልኝ፤ መቃብር ላይ ያለው ዓመት በአብዛኛው የኛ አቆጣጠር ነው። የስልሳዎቹን 1967 በፈረንጅ ያነበበ ሰው ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። በዚያ ዓመት ጃንሆይ ዙፋን ላይ ናቸው፤ አክሊሉም ጠቅላይ ሚኒስትር ናቸው።