የፒያኖ ሕፃናት ሊቆችና በልጅነት የሚታይ የዜማ ፈጠራ

ሕፃን ሊቅ የሚባለው አሥር ዓመት ሳይሞላው፣ ብዙ ልፋት በሚጠይቅ አንድ ሙያ ከሠለጠነ አዋቂ እኩል የሚሠራ ልጅ ነው። ይህን መለኪያ ያስፋፋው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዴቪድ ሄንሪ ፌልድማን ነው። እንዲህ ያሉ ልጆች በብዛት የሚገኙት በሙዚቃ፣ በቼዝና በሒሳብ ነው፤ ሦስቱም የየራሳቸው የታወቀ ሕግ አላቸው፣ የኑሮ ልምድም እምብዛም አይጠይቁም። ሕፃን ልብ ወለድ ደራሲ ግን ከስንት አንዴ ቢገኝ ነው።

ከሙዚቃ መሣሪያዎች ፒያኖ ለትንሽ ልጅ ቶሎ እጁን ይሰጣል። ቫዮሊን የያዘ ልጅ ትክክለኛውን ድምፅ በጣቱ ፈልጎ ማግኘት አለበት፤ ፒያኖው ግን አስቀድሞ ተቃኝቷልና ቁልፉን የነካ ሁሉ ጥርት ያለ ድምፅ ያገኛል። ድምፆቹ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከወፍራም ወደ ቀጭን ስለተደረደሩም የዜማው መውጣትና መውረድ በዓይን ይታያል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር ግን ጎበዝ ተጫዋች መሆንና ዜማ መፍጠር ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች መሆናቸው ነው። አንዱ ያለው ልጅ ሌላው ላይኖረው ይችላል።

የሞዛርት ምስክርነት

ስለ ሕፃን ሊቅ ከተጻፉት ጥንታዊ ሰነዶች በጣም ጠቃሚዎቹ ስለ ሙዚቃ ደራሲው ቮልፍጋንግ አማዴዎስ ሞዛርት የተጻፉት ናቸው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አባቱ ሊዮፖልድ ለእህቱ ለናነርል ባዘጋጀው የመለማመጃ ደብተር ላይ፣ ልጁ አምስት ዓመት ሊሞላው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ጥር 24 ቀን 1761 ከምሽቱ በሦስትና በሦስት ተኩል መካከል አንዱን ቁራጭ እንደተማረው ጽፏል። የመጀመሪያዎቹ ድርሰቶቹም እዚያው ደብተር ላይ ሰፈሩ፤ የእጅ ጽሑፉ ግን የአባቱ ነው። ስለዚህ የልጁ ድርሻ የት ጋ እንደሚያበቃ በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም። የሕፃናት ድርሰት በሚጠናበት ጊዜ ሁሉ ይህ ጥርጣሬ ይመጣል፤ መምጣትም አለበት።

በ1765 ለንደን ውስጥ ዴይንስ ባሪንግተን የተባለ ሕግ አዋቂ ልጁን ፈተነው። አንድ ላይ የሚሰሙ አምስት የተለያዩ ክፍሎች ያሉት፣ አይቶት የማያውቀውን ኖታ አስቀመጠለት፤ ልጁ ወዲያው ተጫወተው። ቀጥሎ የፍቅር፣ ከዚያም የቁጣ ዜማ እዚያው እንዲፈጥር ጠየቀው። ቁጣውን «ከሃዲ» በሚል የጣሊያንኛ ቃል ላይ ሲገነባ ሃርፕሲኮርዱን (ከፒያኖ በፊት የነበረውን ባለ ቁልፍ መሣሪያ) እየደበደበ፣ አንዳንዴም ከወንበሩ እየተነሣ ነበር። ጣቶቹ አምስት ድምፅ የሚያህል ርቀት እንኳ በመከራ ነበር የሚደርሱት። መሃል ላይ ድመት ስትገባ መሣሪያውን ትቶ ሄደ፤ ለመመለስም ረጅም ጊዜ ፈጀ። ባሪንግተን ግን ይህም አላረካውም፤ ዕድሜው የተዋሸ እንዳይሆን ከዛልስቡርግ የልደት መዝገቡን አስመጣ። አጉል ጥርጣሬ አልነበረም፤ በ1778 የቤትሆቨን አባት የሰባት ዓመት ልጁን ስድስት ብሎ በማስታወቂያ አውጥቷል።

ከዚህ ፈተና ትልቁ ቁም ነገር የጣት ፍጥነት አይደለም። አንድን ስሜት ሰምቶ ለዚያ የሚስማማ ቅርጽ ወዲያው መስጠት ነው፤ የፈጠራ መለኪያውም ዛሬም እሱ ነው።

ተራ ልጆች እንዴት ይፈጥራሉ

ዜማ መፍጠር የሊቆች ብቻ አይደለም። ሁለት ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ሲጫወት ለራሱ ያንጎራጉራል፤ ሦስትና አራት ዓመት ላይ የሚያውቃቸውን መዝሙሮች ቆራርጦ አንድ ላይ ይሰፋቸዋል። ከ1937 እስከ 1948 በካሊፎርኒያ ሳንታ ባርባራ የሠራው የፒልስበሪ ፋውንዴሽን ትምህርት ቤት ልጆችን ያለ ትእዛዝ ከመሣሪያ ጋር እየተወ፣ የሚሠሩትን ብቻ ይመዘግብ ነበር። በዚያ ሁለት ዓይነት ዜማ ተለየ፦ ከንግግርና ከእንቅስቃሴ የሚወጣ፣ አጭርና ተደጋጋሚ የኅብረት ጩኸት አንድ፤ ልጁ ብቻውን ሆኖ የሚያንጎራጉረው፣ ምቱ የላላ ዜማ ደግሞ ሁለት።

ፒያኖ ላይም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ልጁ የሚመረምረው ድምፁን ራሱን ነው፦ በመዳፍ መምታት፣ ጫፍና ጫፍ መንካት፣ በጣም ማጮህና በጣም ማለስለስ። ቀጥሎ አንድ የወደደውን እንቅስቃሴ እየደጋገመ ይይዘዋል። ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ዜማው በአራትና በስምንት ምት መታሰር፣ መጨረሻውም መጨረሻ መምሰል ይጀምራል። አዋቂው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው የመጀመሪያውን ደረጃ ብጥብጥ ነው ብሎ ሲከለክል ነው።

ብዙ መምህራን የሚጀምሩበት መንገድ ቀላል ነው። ጥቁሮቹ ቁልፎች ሁለትና ሦስት ሆነው ተደርድረዋል። አዋቂው በግራ በኩል፣ ከሦስቱ ጥቁሮች የመጀመሪያውንና በስተቀኙ ከሚቀጥሉት ሁለት ጥቁሮች የመጀመሪያውን አንድ ላይ፣ ቀስ ባለ ምት እየደጋገመ ይመታል። ልጁ በቀኝ በኩል ጥቁሮቹን ብቻ እንደፈለገ ይነካል። አምስቱ ድምፆች እርስ በርስ ስለማይጋጩ ስሕተት የሚባል ነገር የለም። አምስት ወይም አሥር ደቂቃ ይበቃል። ቀጥሎ አዋቂው ሁለት ምት ያህል ተጫውቶ ዝም ይላል፣ ልጁ ይመልስለታል።

ጨዋታው ሲበላሽ ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ ጊዜ አዋቂውን ማየት ይበቃል። «ያንኑ ድገመው» ሲባል ልጁ ይደነግጣል፤ የፈጠረውን አላስታወሰውምና። መቅዳት ይሻላል። እንግዳ ፊት እንዲጫወት ማስገደድ ደግሞ ዜማውን ወደ ትርኢት ይለውጠዋል። ኖታ ከጆሮ ቀድሞ ሲመጣም ወረቀት ሲነሣ እጁ የሚቆም ተጫዋች ይወጣል፤ በተቃራኒው ጆሮው በጣም ፈጣን የሆነ ልጅ ኖታውን ያነበበ እየመሰለ በቃሉ ይጫወትና ለዓመታት ማንበብ ሳይችል ይቀራል። ለማጣራት መምህሩ ተጫውቶ ያላሳየውን አዲስ ገጽ መስጠት ነው።

አንድን ድምፅ ያለ ማነጻጸሪያ ለይቶ መጥራትም እንደ ሊቅነት ምልክት ይታያል። ይህ ችሎታ ከስድስትና ከሰባት ዓመት በፊት በጀመሩ ልጆች ዘንድ ይበዛል እንጂ ፈጠራን አያረጋግጥም፤ ብዙ ታላላቅ ደራሲያን አልነበራቸውም። ሆኖም ልጁ ይህ ችሎታ ካለው፣ ፒያኖው በትክክለኛው ቅኝት መሆን አለበት፤ ግማሽ ድምፅ በወረደ ፒያኖ የተማረ ልጅ ስሞቹን አሳስቶ ይይዛል።

እጅና ወንበር

የዛሬ ፒያኖ የተሠራው ለአዋቂ እጅ ነው። አንድ ኦክታቭ (ከአንድ ድምፅ እስከ ስምንተኛው፣ ስሙ እስከሚደገምበት ያለው ርቀት) ወደ 165 ሚሊሜትር ይሰፋል፣ ነጩ ቁልፍ ወደ 10 ሚሊሜትር ይወርዳል፣ ለማውረድም 50 ግራም አካባቢ ክብደት ይጠይቃል። የሞዛርት ዘመን ቁልፎች ከዚህ የቀለሉና ያን ያህል የማይወርዱ ነበሩ። ስለዚህ ክርን ከነጩ ቁልፍ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ እንዲል ወንበሩ ይስተካከላል፤ ከእግር ሥር መርገጫ ይደረጋል። እግሩ የተንጠለጠለ ልጅ ሚዛኑን በትከሻው ይጠብቃል፣ ትከሻው ሲገተር የእጅ አንጓው ይገተራል፣ የጣቱ መጨረሻ መገጣጠሚያም ወደ ውስጥ ይገባል። ሕመም ከመጣ ወዲያው ይቆማል። ትንሽ እጅ ለነበረው ለፒያኖ ተጫዋቹ ዮሴፍ ሆፍማን፣ አዋቂ ከሆነ በኋላ እንኳ የፒያኖ አምራቹ ስታይንዌይ ቁልፎቹ በጥቂቱ የጠበቡ ፒያኖ ሠርቶለታል።

በኋላስ

ሆፍማን በ1887 በአሥራ አንድ ዓመቱ በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ቀረበ። ኮንሰርቱ በየጊዜው ሲበዛ የሕፃናት ጥበቃ ማኅበር ጣልቃ ገባ፤ አልፍሬድ ኮርኒንግ ክላርክ የተባለ ባለጸጋ እስከ አሥራ ስምንት ዓመቱ በአደባባይ እንዳይጫወት 50,000 ዶላር ሰጠ፤ ልጁም በዕረፍቱ ተማረ። የሃንጋሪው ኤርቪን ኒሬጊሃዚ በሥነ ልቦና ተመራማሪው ጌዛ ሬቬሽ የተጠና ብርቅ ልጅ ነበር፤ ከድሉ በኋላ ግን ለአሥርት ዓመታት በድህነት ተረስቶ ኖረ። ሩት ስሌንቺንስካ በአባቷ ጭካኔ በቀን ዘጠኝ ሰዓት እየተለማመደች አድጋ በአሥራ አምስት ዓመቷ መድረኩን ተወች፤ በኋላ ተመልሳ በ2022 አልበም አወጣች። ኢቭጌኒ ኪሲን ደግሞ ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ከአንዲት መምህርት፣ ከአና ካንቶር ጋር ብቻ ሠራ።

የመለማመጃው ደብተር የተዘጋጀላት የሞዛርት እህት ናነርልም ሕፃን ሊቅ ነበረች። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሆናት ከወንድሟ ጋር መዞሯ ቀረ። በ1770 ቮልፍጋንግ ከጣሊያን ሆኖ የላከችለትን ዜማ አድንቆ ጽፎላታል። ከድርሰቶቿ አንድም አልተረፈም።