ፓፔቲር ምንድን ነው? (ድምፅ ሰጪ አይደለም!)

ሰሞኑን ያው ክርክር እንደገና ተነሳ። ማፔት ሾው የሚባለው የድሮ የአሻንጉሊት ቴሌቪዥን ፕሮግራም በፌብሩዋሪ 2026 በልዩ ፕሮግራም ተመልሶ መጣ፣ መድረኩም ቀይ መጋረጃውም የድሮው ነው፣ እንግዳዋ ዘፋኟ ሳብሪና ካርፔንተር ነበረች፣ የማፔት ወዳጅም ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ "ይኸው የናፈቅነው መጣልን" ይላል፣ ግማሹ "እንቁራሪቱ ከርሚት ድምፁ ልክ አይደለም፣ ድምፅ ሰጪውን ለምን ቀየሩት" ይላል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። መውደድም መጥላትም የራሳችሁ ነው፣ በሱ ከማንም ጋር አልጣላም። ግን "ድምፅ ሰጪ" የምትለዋን ቃል ስሰማ ዝም ማለት አልችልም፣ ምክንያቱም ሙያዬ ነው፣ ስንት ዓመት ሙሉ እጄን ወደ ላይ ሰቅዬ የኖርኩበት ስራ ነው።

አሁን ከርሚትን የያዘው ማት ቮግል የከርሚት ድምፅ ሰጪ አይደለም። ከሱ በፊት የነበረው ስቲቭ ዊትማየርም አልነበረም፣ ከርሚትን የፈጠረው ጂም ሄንሰንማ ጭራሽ። ፓፔቲር ናቸው፣ አሻንጉሊት አጫዋች ማለት ነው። ከርሚት ውስጥ እጁን ያስገባው ሰውዬና የሚናገረው ሰውዬ አንድ ሰው ነው፣ ያውም በአንድ ጊዜ፣ እዛው ካሜራው ፊት፣ ማይኩን ጭንቅላቱ ላይ አስሮ፣ እጁን ከራሱ በላይ ዘርግቶ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ያለችው ሞኒተር ላይ ተክሎ። ሞኒተሯ ደግሞ እንደ መስታወት አይደለችም፣ አሻንጉሊቱን ወደ ቀኝህ ስትወስደው ስክሪኑ ላይ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ይሄን ብቻ ለመልመድ ስንት ወር ይፈጃል።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፣ አዝማሪ ምንድን ነው? ዘፋኝ ነው ወይስ ማሲንቆ መቺ? ሁለቱንም ነው አይደል፣ ከሁለት አንዱን ብቻ ካልክ አዝማሪ የምትለው ነገር የለም። አሁን ማሲንቆውን ከእጁ ቀምተህ ለሌላ ሰው ስጠውና አዝማሪውን ጓዳ አስገብተህ በማይክ አዘፍነው። ድምፁ ያው ነው፣ ማሲንቆውም ያው ነው፣ ግን ከተቀመጡት አንዱ ተነስቶ ግጥም ሲሰጠው ምን ይሆናል? ጓዳ ያለው ግጥሙን ይቀበላል፣ ማሲንቆው ግን ከኋላ ከኋላ ነው የሚከተለው፣ ምክንያቱም ደጋኑን የያዘው እጅ ቀጥሎ ምን ሊባል እንደሆነ አያውቅም። ለዛው የምንሄድበት ነገር በቃ ጠፋ። ከርሚትም ያ ማሲንቆ ነው። ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ስታየው ጨርቅ ነው፣ ሄንሰን በ1955 ከእናቱ አሮጌ ኮትና ለሁለት ከተሰነጠቀ የፒንግፖንግ ኳስ ነው የሰራው፣ ውስጡ ምንም ማሽን የለም፣ ዓይኑ አይዞርም፣ ቅንድብ የለውም። ቅር ሲለው ፊቱ ጭምድድ የሚለው የሰውዬው ጣቶች ውስጥ ሲጨበጡ ነው። ያ ጭምድድታ የሰውዬው የጣቱ አንጓ ነው፣ ሰው ሲቀየር አንጓውም ይቀየራል፣ እናንተ "ድምፁ ልክ አይደለም" የምትሉት ግማሹ ዓይናችሁ ያየው ነገር ነው።

አንዱ ሰውዬ ደግሞ "ምን ያጨቃጭቃል፣ የሄንሰንን ድምፅ በኤአይ አስመስሎ ማስገባት ነው" ብሎ ሲናገር ሰማሁት። ወንድሜ፣ እሺ ድምፁን አመጣህ እንበል፣ እጁንስ ከየት ልታመጣ ነው? ሄንሰን የሞተው በ1990 ነው፣ አጠቃላይ ጨዋታው፣ መቼ እንደሚተነፍስ፣ አፉን መቼ እንደማይከፍት፣ አብሮት ሄዷል። አፍ መክፈት ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ጀማሪ አራቱን ጣቶች ወደ ላይ ይሰቅላል፣ አሻንጉሊቱ አናቱ የሚገነጠል ይመስላል። የሚወርደው አውራ ጣት ነው፣ መንጋጋ እንደሚወርደው፣ አናት ባለበት ይቆያል። ለእያንዳንዱ ፊደልም አይከፈትም። በአማርኛ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፣ "አለ" ላልቶ ሲሆን ተናገረ ነው፣ ጠብቆ ሲሆን ይገኛል ነው፣ እና ሲጠብቅ እጅህ እዛች ላይ ትንሽ ካልቆየ ልጆቹ ምን እንደሚሆን ሳያውቁት ቅር ይላቸዋል። ይሄን የሚያውቀው የሚናገረው ሰው እጅ ነው፣ ምክንያቱም አንድ አእምሮ ነው የሚያዛቸው።

አንድ ጊዜ የልጆች ፕሮግራም ስንቀርጽ አዘጋጆቹ የአሻንጉሊቷን ድምፅ ቀደም ብለው በታዋቂ ተዋናይ አስቀርጸው መጡ፣ እኔ እጄን ብቻ እንዳንቀሳቅስ። መሃል ላይ አንዲት አምስት ዓመት የምትሆን ልጅ ጠጋ ብላ "እራትሽን በላሽ?" ብላ ጠየቀቻት። የተቀረጸው ድምፅ ስለ እጅ መታጠብ እያወራ ቀጠለ። ልጅቷ ትንሽ ጠበቀች፣ ከዛ ጎንበስ ብላ ጠረጴዛው ስር እኔን አየችኝ። ከዛ በኋላ አሻንጉሊቷን ቀና ብላ አላየቻትም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ካላልኩ የሙያ ባልደረቦቼ ይቀየሙኛል፣ ድምፅና እጅ ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው ማለቴ አይደለም። የእንግሊዞቹ የአሻንጉሊት ተከታታይ ፊልም ተንደርበርድስ (1965) ድምፁ ቀድሞ ተቀርጾ የአሻንጉሊቶቹ ከንፈር በኤሌክትሪክ ነበር የሚንቀሳቀሰው፣ እዛ ጋር "ድምፅ ሰጪ" ብትሉ ትክክል ናችሁ። በ2015 ሲመለስ እንዲያውም አሻንጉሊቶቹ በኮምፒውተር ስዕል ተተኩ፣ የሾፌሩ የፓርከር ድምፅ ግን ያው ዴቪድ ግርሃም ነበር። ቡንራኩ በሚባለው የጃፓን የአሻንጉሊት ቲያትር አንዱን አሻንጉሊት ሦስት ሰው ይይዘዋል፣ ተራኪው ጎን ላይ ተቀምጦ ነው፣ ያም ራሱን የቻለ ትልቅ ጥበብ ነው። ማፔት ውስጥም የስዊድኑ ሼፍ የሚባለው አሻንጉሊት እጆች የሌላው ፓፔቲር የፍራንክ ኦዝ የገዛ እጆቹ ነበሩ፣ ጭንቅላቱና ድምፁ ሄንሰን። አንዱ የሌላው እጅ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ስለማያውቅ ነው እኮ ያ ሁሉ ሳቅ።

ሌላው የሚያናድደኝ፣ "በ2015 ኤቢሲ የሚባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ያሳየው የማፔቶች ሾው የወደቀው ከርሚት ስለተቀየረ ነው" የሚለው ነው። አልተቀየረም! ዊትማየር ነው፣ ከ1990 ጀምሮ የነበረው ራሱ፣ ስራውን ያጣው በ2016 መጨረሻ ላይ ነው፣ ሾው ከተዘጋ በኋላ። እዛ የተቀየረው አጻጻፉ ነው፣ የቢሮ ህይወት፣ ከርሚትና ፍቅረኛው አሳማዋ ሚስ ፒጊ ተለያይተው፣ እያንዳንዱ ለካሜራ ቃለ መጠይቅ እየሰጠ፣ 16 ክፍል ሄዶ ቆመ። የድሮው ማፔት ሾው ግን በ1976 ተጀምሮ 120 ክፍል የሄደው ቲያትር ቤት ስለነበረ ነው፣ ፊት ለፊት ሾው አለ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ ግርግር አለ፣ ከርሚት መሃል ላይ ሆኖ ሁሉን ሊያስታርቅ ይሮጣል። ደራሲው ያበላሸውን በፓፔቲሩ ማላከክ ነውር ነው።

እኛም ጋር ያው ነው። ከ2006 ጀምሮ ልጆቻችን በኢቲቪ ያደጉባትን ቀጭኔዋን ፀሐይን ያነሳሁባቸው ሰዎች ሁሉ የሚጠይቁኝ "ድምጿ የማን ነው?" ብለው ነው። እጇ የማን እንደሆነ የጠየቀኝ እስካሁን የለም።

ስለዚህ አዲሱን ስታዩ አንዴ ድምፁን ዝጉትና ከርሚት በማይናገርበት ሰዓት እዩት። ሚስ ፒጊ ስታወራ እሱ ሲሰማ፣ ትንሽ ወደሷ ዘንበል ሲል፣ ሊናገር አስቦ ሲተወው። ድምፅ ሰጪ እዛች ጋ ምንም ስራ የለውም። ማት ቮግል ግን ከስር እጁ እንደተዘረጋ ነው።